በእንግሊዝ አገር በሰብዓዊ መብት ምክንያት የመቆያ ፈቃድ መጠየቅ፦ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ላለን ወላጆች ምን ያህል ይረዳናል?

ጥያቄ፤ ከ«የልጅ እናት»

ለመድረኩ አባላት በሙሉ የአክብሮት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ጉዳዬ ዘርዘር ስለሚል በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ወደ እንግሊዝ የመጣሁት በተማሪ ቪዛ ሲሆን፣ ቪዛው ካለቀ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለቤቴ በበኩሉ ጥገኝነት ጠይቆ ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ) ውድቅ አደረገበት፤ ይግባኙንም ዳኛ አልተቀበሉትም። እዚሁ ተጋብተን የወለድናት ልጃችን በቅርቡ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ከተወለደች ጀምሮ ከዚህ አገር ወጥታ አታውቅም፤ አማርኛ ትሰማለች፣ በመጠኑም ትናገራለች፣ ማንበብና መጻፍ ግን አትችልም።

የሚደርሰን ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «ጥገኝነቱን ተዉትና በሂዩማን ራይትስ አመልክቱ፤ ልጅ ያላቸውን አያስወጡም» ይለናል። ሌላው ደግሞ «ማመልከት ማለት በገዛ እጃችሁ ራሳችሁን አሳልፋችሁ መስጠት ነው» እያለ ያስፈራራናል። በሰብዓዊ መብት ምክንያት ማመልከት በትክክል ምን ማለት እንደሆነ፣ የባለቤቴ ጥገኝነት ውድቅ መሆኑ እኔንና ልጄን ይጎዳን እንደሆነ፣ ባለቤቴ ያለበት የስኳር ሕመም እንደ ምክንያት ሊቀርብ ይችል እንደሆነ፣ እንዲሁም ክፍያውን የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፤ ከ«የኢሚግሬሽን አማካሪ»

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። በሥራዬ እንደእናንተ ያሉ ቤተሰቦች በየጊዜው ስለሚያጋጥሙኝ፣ የሰማችሁት ምክር ሁለቱም መስመሩን የሳተ መሆኑን በመግለጽ ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉዳዩ መሠረት በ1950 ሮም ላይ የተፈረመው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት ሲሆን፣ ዩናይትድ ኪንግደም የ1998ቱን የሰብዓዊ መብቶች ሕግ ካወጣች በኋላ፣ ከኦክቶበር 2000 ጀምሮ፣ ማንኛውም ባለጉዳይ ስትራስቡርግ እስካለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ሳይሄድ እዚሁ አገር ባሉ ፍርድ ቤቶች ሊጠቅሰው ይችላል። በኢሚግሬሽን ጉዳይ አዘውትረው የሚነሡት ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንቀጽ 3 ሰውን ለስቃይ ወይም ለኢሰብዓዊና አዋራጅ አያያዝ አሳልፎ መስጠትን የሚከለክል ነው፤ አደጋው እውነተኛ መሆኑ ከታመነበት ከመንግሥት ጥቅም ጋር አይመዘንም። እናንተን በዋናነት የሚመለከተው አንቀጽ 8 ግን የግልንና የቤተሰብን ሕይወት የሚያስከብር ሆኖ፣ በሕግ መሠረትና በተመጣጣኝ ሁኔታ ሊገደብ የሚችል መብት ነው። ስለዚህ ክርክሩ የሚያርፈው፣ ቤተሰቡ እዚህ መኖር ይፈልጋል ወይ በሚለው ላይ ሳይሆን፣ ቤተሰቡን ማስወጣት ለኢሚግሬሽን ቁጥጥር ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር ሲነጻጸር የሚያደርሰው ጉዳት ከመጠን ያለፈ ነው ወይ በሚለው ላይ ነው።

የእናንተ የግል ሕይወት ብቻውን በሚዛኑ ላይ ብዙም አይከብድም። በ2014 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በ2002ቱ ሕግ ውስጥ ያስገባው ክፍል 117ቢ፣ ሰው ያለፈቃድ በቆየበት ጊዜ የመሠረተው የግል ሕይወት አነስተኛ ክብደት እንዲሰጠው ዳኞችን በግልጽ ያዛል። ያለፈቃድ የኖረ አዋቂ በቆይታው ርዝመት ብቻ ለመጠየቅ በደንቡ መሠረት 20 ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ወደ አገሩ ተመልሶ ከኅብረተሰቡ ጋር ለመዋሐድ እጅግ ከባድ መሰናክል እንደሚገጥመው ማስረዳት አለበት። ተወልዶ ባደገበት አገር ቋንቋውን እየተናገረ ለኖረ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም።

የልጅዎ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ከጁን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የግል ሕይወት ደንብ መሠረት፣ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነና እዚህ አገር ያለማቋረጥ ሰባት ዓመት የኖረ ልጅ፣ አገሩን ለቅቆ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ ምክንያታዊ ካልሆነ ፈቃድ ያገኛል። ክፍል 117ቢም በስድስተኛው ንዑስ ክፍሉ፣ እንዲህ ካለ ልጅ ጋር እውነተኛ የወላጅነት ግንኙነት ያለውንና በወንጀል ምክንያት ከአገር ለመባረር ያልተዳረገን ወላጅ ማስወጣት፣ ልጁ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ ምክንያታዊ እስካልሆነ ድረስ፣ ለሕዝብ ጥቅም አስፈላጊ እንዳልሆነ ይደነግጋል። የእርስዎና የባለቤትዎ ጉዳይ በዋናነት የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

ሰባት ዓመት መሙላት በሩን ያስከፍታል እንጂ ፈቃድ አያሰጥም። «ምክንያታዊ» የሚለው መመዘኛ እንዴት እንደሚታይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ኬኦ (ናይጄሪያ) በተባለው ጉዳይ ወስኗል፤ እኔ ለደንበኞቼ ሳስረዳ ረጅሙን ጊዜ የማጠፋው በዚህ ውሳኔ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ በአንድ በኩል የወላጆች ጥፋት፣ ማለትም ቪዛ አሳልፎ መቆየትም ሆነ ሌላ የኢሚግሬሽን ጥሰት፣ በልጁ ላይ እንዳይቆጠር አደረገ። በሌላ በኩል ግን ምክንያታዊነቱ በገሐዱ ዓለም ውስጥ መታየት አለበት አለ፤ ይኸውም ሁለቱም ወላጆች የመቆየት መብት ከሌላቸው፣ ልጁ ከወላጆቹ ጋር አብሮ ይሄዳል ተብሎ መታሰቡ ተፈጥሯዊ መነሻ ነው። የእናንተ ቤተሰብ የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዜግነት ወይም ቋሚ ፈቃድ ቢኖራችሁ ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር፤ አሁን ግን ልጅቱ ብትሄድ የምታጣው ምን እንደሆነ በማስረጃ ማሳየት የእናንተ ድርሻ ነው።

ራስን ስለማጋለጥ ለተባለው፣ ባለቤትዎ ጥገኝነት ጠይቆ ስለነበር ሆም ኦፊስ ስለ እሱ የማያውቀው ነገር ጥቂት ነው። የሰብዓዊ መብት ጥያቄ በአግባቡ ቀርቦ ውሳኔ እየተጠበቀ ሳለ ሰውን ማስወጣት በአብዛኛው አይቻልም። ይሁን እንጂ ማመልከቻ ማስገባት በራሱ ሕጋዊ ነዋሪ አያደርግም። ቪዛ ሳያልቅ ያመለከተ ሰው በ1971ዱ የኢሚግሬሽን ሕግ ክፍል 3ሲ መሠረት ነባሩ ፈቃዱ እስከ ውሳኔው ይራዘምለታል፤ ካለቀ በኋላ ያመለከተ ግን ይህ ከለላም ሆነ ከለላው የሚያስከትለው የመሥራት መብት የለውም። ብዙ ወገኖቻችን እነዚህን ሁለቱን እያቀላቀሉ፣ የማመልከቻ ደረሰኝ ይዘው ሥራ በመቀጠር ለሌላ ችግር ተዳርገዋል።

መልስ፤ ከ«አስተርጓሚ»

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ የሚያጠግብ ስለሆነ እኔ ስለ ባለቤትዎ ያነሧቸውን ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ልያዝ። ለብዙ ጊዜ በይግባኝ ችሎቶች ሳስተረጉም ካየሁት በመነሣት የምናገር እንጂ የሕግ ምክር የምሰጥ አይደለሁም።

ውድቅ የሆነው ጥገኝነት የእርስዎንና የልጅዎን የአንቀጽ 8 ጥያቄ በራሱ አይዘጋም፤ ጨርሶ እንዳልነበረ መቍጠር ግን አይቻልም። ከ2002 ጀምሮ ዴቫሲላን በተባለው ጉዳይ የተቀመጠ መመሪያ አለ፦ የቀድሞው ዳኛ ያረጋገጡት ነገር ለሚቀጥለው ዳኛ መነሻ ነው። ባለቤትዎ «አትታመንም» ተብሎ ከሆነ፣ ያንኑ ታሪክ በሰብዓዊ መብት ስም እንደገና ማቅረብ የባሰ ይጎዳዋል። ከውሳኔው በኋላ የተፈጠረ ወይም ያኔ ሊቀርብ ያልቻለ ማስረጃ ካለው ግን በኢሚግሬሽን ደንቡ አንቀጽ 353 መሠረት ተጨማሪ ማስረጃ ማስገባት ይችላል። ማስረጃው ቀድሞ ከታየው በጉልህ የተለየ መሆኑና ከነባሩ ጋር ተዳምሮ የማሸነፍ ተጨባጭ ተስፋ ያለው መሆኑ ከታመነበት፣ እንደ አዲስ ጥያቄ ተቆጥሮ ውድቅ ቢደረግ እንኳ ይግባኝ ያስፈቅዳል። በአገራችን ያለው ሁኔታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ከዓመታት በፊት «ችግር የለም» የተባለበት አካባቢ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ሕመሙ የምለው ደስ አይልም። በሕክምና ምክንያት አንቀጽ 3ን ማቅረብ ከሁሉም የጠበበው መንገድ ነው። የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት በ1997 የኤድስ ሕመምተኛ የነበሩና ለሞት የተቃረቡ ሰው ወደ ሴንት ኪትስ እንዳይመለሱ ከወሰነ በኋላ፣ በ2008 ግን አንዲት ዩጋንዳዊት የኤችአይቪ ታካሚ መመለሳቸው አንቀጹን አይጥስም አለ፤ ለዓመታትም በሞት አፋፍ ላይ ላልደረሰ ሰው በሩ ተዘግቶ ቆየ። በዲሴምበር 2016 ፓፖሽቪሊ በተባለው የቤልጅየም ጉዳይ ሲከፈት፣ አመልካቹ ጆርጂያዊ ውሳኔውን ሳይሰሙ ዐርፈው ነበር። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2020 ኤኤም (ዚምባብዌ) በተባለው ጉዳይ ይህንኑ ተቀበለ። አሁን ያለው መመዘኛ፣ ሰውየው ተገቢውን ሕክምና በማጣቱ ጤናው በከፋ፣ በፈጠነና በማይመለስ ሁኔታ አሽቆልቁሎ ለጽኑ ስቃይ ወይም በጉልህ ለሚያጥር ዕድሜ የመጋለጥ እውነተኛ አደጋ አለበት ወይ የሚል ነው።

በክኒን ወይም በኢንሱሊን በቁጥጥር ሥር ያለ ስኳር ከዚህ ደረጃ የሚደርስ አይመስለኝም፤ ኩላሊትን እስከመጉዳት የደረሰና ዲያሊሲስ (ደም በማሽን ማጣራት) ላይ ያለ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ይህ ማለት ሕመሙ ይተው ማለት አይደለም፤ ልጅቱ ብትሄድ ስለሚጠብቃት ኑሮ ሲነገር አባቷ ሠርቶ ሊያስተዳድራት ይችላል ወይ የሚለው ስለሚነሣ፣ በአንቀጽ 8 ሚዛን ላይ የራሱ ቦታ አለው። ሐኪሙ የሚጽፉት ደብዳቤም «የስኳር ሕመምተኛ ነው» ብቻ ካለ ዋጋው ትንሽ ነው። የትኛውን መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን እንደሚወስድና ሕክምናው ቢቋረጥ በምን ያህል ጊዜ ምን እንደሚከተል እንዲያብራሩ ይለመኑ።

መልስ፤ ከ«ባለጉዳይ የነበርኩ»

እህታችን፣ እኔም ቋሚ ፈቃድ ለመጠየቅ አሥር ዓመት በሚፈጀው በዚሁ መንገድ ላይ ያለሁ ስለሆነ ስለ ገንዘቡ ልንገርዎት፤ አብዛኛው ሰው ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ከማመልከቻው ክፍያ በተጨማሪ ለጤና አገልግሎት የሚከፈል አለ፤ ከፌብሩወሪ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 776 ፓውንድ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለ30 ወር ስለሆነ፣ የአንድ አዋቂ የጤና ክፍያ ብቻ 2,587 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። አዋቂ ሰው ቋሚ ፈቃድ የሚጠይቀው በዚህ ዓይነት እያደሰ አሥር ዓመት ሲሞላው ነው።

አቅም የሌለው ሰው ግን ዋናውን ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ክፍያው እንዲቀርለት በኢንተርኔት መጠየቅ ይችላል፤ «ፊ ዌይቨር» የሚሉት ይህንኑ ነው። ሲጠይቁ የባንክ መግለጫዎን መስመር በመስመር ያዩታል። ከዘመድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ወገኖች ገንዘብ የሚላክልዎ ከሆነ ማን እንደላከው፣ ለምን እንደላከውና መመለስ ያለበት ብድር መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ይጻፉ፤ ያልተብራራ ገቢ ከዝቅተኛ ገቢ ይልቅ ያስጠረጥራል። ፈቃዱም ቢሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ድጎማ መውሰድን ይከለክላል፤ ለችግር የተጋለጠ ቤተሰብ ክልከላው እንዲነሣለት በማስረጃ ማመልከት ይችላል።

ጠበቃን በተመለከተ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ የአንቀጽ 8 የኢሚግሬሽን ጉዳይ ከሌጋል ኤይድ (መንግሥት የጠበቃ ወጪን ከሚሸፍንበት ድጋፍ) ሽፋን ወጥቷል። የጥገኝነት ጉዳይ ግን አሁንም ስለሚሸፈን፣ የባለቤትዎ አዲስ ማስረጃ የሚታይበት በር ክፍት ነው። ለእርስዎና ለልጅዎ ደግሞ «ኤክሴፕሽናል ኬዝ ፈንዲንግ» የሚባለውን ልዩ ድጋፍ ጠይቁ፤ ሶሊሲተሩ (ጠበቃው) ባይጠይቅልዎ እርስዎ ራስዎ መጠየቅ ይችላሉ። ፈቃድ ሳይኖረው የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት በ1999 ሕግ ወንጀል መሆኑንም አይዘንጉ። በማኅበራችን ውስጥ «ፎርም እሞላለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካጋጠመዎ፣ በኢሚግሬሽን አድቫይስ ኦቶሪቲ (የኢሚግሬሽን አማካሪዎችን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት) መዝገብ ላይ ስሙ መኖሩን ወይም የተመዘገበ ሶሊሲተር መሆኑን ሳያረጋግጡ አንድም ሰነድ አይስጡት።

ተጨማሪ ጥያቄ፤ ከ«የልጅ እናት»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለብዙ ጊዜ በጨለማ ስንዳክር የቆየነውን ነገር አሁን ገና መልክ ያዘልኝ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንድ ወዳጃችን «ልጅቱ አሥር ዓመት ሲሞላት ዜጋ ስለምትሆን እስከዚያ ዝም በሉ» ብሎናል፤ መጠበቁ ይሻላል ወይ? ደግሞም ልጅቱ አማርኛ እንደምትሰማ ብንናገር ይጎዳናል ብለው «ምንም አታውቅም በሉ» ያሉን ሰዎች አሉ።

መልስ፤ ከ«የኢሚግሬሽን አማካሪ»

ወዳጃችሁ የነገራችሁ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት እዚሁ ከኖረና በእያንዳንዱ ዓመት ከ90 ቀን በላይ ከአገር ካልወጣ፣ የወላጆቹ ሁኔታ ምንም ይሁን ምን በዜግነት የመመዝገብ መብት አለው። ሆኖም ምዝገባው በማመልከቻ እንጂ በራሱ የሚመጣ አይደለም፤ ወላጆቹንም ዜጋ ወይም ነዋሪ አያደርግም፤ የእንግሊዛዊ ልጅ ወላጆች ሆነው እንደገና ለራሳቸው ማመልከት ይኖርባቸዋል። አሁን ማመልከታችሁ ይህን መብቷን አያሳጣትም። ዝም ብላችሁ ብትቆዩ ግን ሦስት ዓመት ያለሥራ መብት ትቀጥላላችሁ፤ በመካከሉ ሆም ኦፊስ ቢደርስባችሁ ጉዳያችሁን የምታዘጋጁት በጥድፊያ ይሆናል። መንግሥትም በሜይ 2025 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሰነድ፣ አንቀጽ 8 ሥራ ላይ የሚውልበትን መንገድ በሕግ ለማጥበብ እንደሚፈልግ አስታውቋል። በእኔ አስተያየት፣ ማስረጃችሁ ከተሟላ መጠበቁ የሚያተርፍላችሁ ነገር የለም።

ስለ ቋንቋው የተሰጣችሁን ምክር በፍጹም አትቀበሉ። ውሸት መሆኑ አንድ ነገር ሆኖ፣ ባለቤትዎ ቀድሞ «አትታመንም» ተብሎ ከሆነ፣ ሆም ኦፊስን በዳኛ ፊት «ይኸው እንደገና» ለማለት የሚያበቃው እንዲህ ያለ ነገር ነው። እቤት በአማርኛ የሚያናግሯት ወላጆች ልጃቸው ምንም አትሰማም ቢሉ ማንም አያምናቸውም። ትክክለኛው ነገር ራሱ ይበቃል፦ ትሰማለች፣ በመጠኑ ትናገራለች፣ አንብባና ጽፋ መማር ግን አትችልም። ከትምህርት ቤቷ የሚገኘው ደብዳቤም በዚህ ላይ መሥራት አለበት። «ጎበዝና ጨዋ ልጅ ናት» የሚል ደብዳቤ እያንዳንዱ ማመልከቻ ላይ ተያይዞ ስለሚመጣ ማንንም አያንቀሳቅስም። ንባቧ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ፣ የምታገኘው የተለየ ድጋፍ ካለ፣ ለውጥ ሲያጋጥማት እንዴት እንደምትሆን የሚገልጽ መምህሯ የጻፉት አንድ ገጽ ግን በዳኛ እጅ ላይ ሲነበብ አይቻለሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ዜድ ኤች (ታንዛኒያ) በተባለው ጉዳይ የልጁ ጥቅም ቀዳሚ ትኩረት ሊሰጠው እንደሚገባ የወሰነ ቢሆንም፣ ጥቅሟ ምን እንደሆነ ያልተነገረው ዳኛ ትኩረቱን የሚያሳርፍበት አያገኝም።

ወደ ኢትዮጵያ ብትመለሱ ስለሚገጥማችሁም ሁኔታ በዝርዝር ጻፉ፦ ማን ጋ ታርፋላችሁ፣ ያ ዘመድ ከሌለ ለምን የለም፣ ልጅቱ በየትኛው ቋንቋ በየትኛው ክፍል ትገባለች፣ የባለቤትዎ መድኃኒት በዚያ አካባቢ ይገኛል ወይ። «ማንም የለንም» ብላችሁ ጽፋችሁ ባለቤትዎ ቀድሞ በሰጠው የጥገኝነት ኢንተርቪው ላይ እናትና ወንድሞች ተጠቅሰው ከሆነ፣ ሁለቱ ሰነዶች ጎን ለጎን ይነበባሉ። ስለዚህ ማመልከቻውን ከመጻፋችሁ በፊት ሆም ኦፊስ ዘንድ ያለውን የሁለታችሁንም ሙሉ ፋይል ቅጂ ጠይቁ፤ በመረጃ ጥበቃ ሕጉ መሠረት ያለክፍያ ይሰጣል። ፋይሉ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ የልጅቱን የትምህርት፣ የክትባትና የሐኪም መዝገቦች ከተወለደችበት ዓመት ጀምራችሁ በየዓመቱ ለዩአቸው፤ ሰባቱ ዓመት ያለማቋረጥ መሆኑ የሚረጋገጠው በእነዚህ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ውሳኔው እምቢታ ከሆነና ጉዳዩ «በግልጽ መሠረት የሌለው» የሚል ማረጋገጫ ካልተለጠፈበት፣ ውሳኔው ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ደረጃ ትሪቢዩናል ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ማመልከቻው በእንጥልጥል ላይ ሳለ ከአገር ከወጣችሁ ግን እንደተነሣ ይቆጠራል። ቤት ከቀየራችሁ አዲሱን አድራሻ ለሆም ኦፊስም ለጠበቃችሁም በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አሳውቁ፤ በአሮጌ አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ሳይደርሳችሁ የይግባኙ ቀን ሊያልፍ ይችላል።